አረሩ የተጨማደደው፣ ጨርቁም የተቀደደው ለምንድን ነው?

ጠያቂያችን በፔንሲልቬንያ ከፈረንጆች ገና ማግስት ለሚጀምረው የባልጩት ጠመንጃ አደን እየተዘጋጁ ነው። ጠመንጃቸው በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ 50 ካሊበር (የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ግማሽ ኢንች) ነው፤ አረሩም በቅባት በራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይጎርሳል። በ0.490 ኢንች ፎርማ ከጎማ ባላንስ እርሳስ ያወጡት ክብ አረር ግማሹ የተጨማደደ ነው፤ ክብደቱም ከ10.7 እስከ 11.2 ግራም ይለያያል። ሲያጎርሱ ይጠብቃል፤ ከተኮሱ በኋላ የሚያገኙት ጨርቅም የተቀደደ ነው። «አፈሙዙን ልሞርደው ወይ?» ይላሉ።

ሞረዱን ያቆዩት፤ መጀመሪያ እርሳሱን ይለውጡ። የባላንስ እርሳስ አንቲሞን (እርሳስን የሚያጠነክር ማዕድን) ስላለበት ጠንካራ ነው፤ በዚያው ፎርማ ትንሽ ወፍሮ፣ ግን ቀልሎ ይወጣል። በዚህ መጠን ንጹሕ እርሳስ 11.45 ግራም ገደማ መመዘን ነበረበት። ጥፍርዎ በቀላሉ የማይጭረው እርሳስ ለጨርቅ አረር አይሆንም፤ ጨርቁን የሚያስጨንቀውም ይኸው ጥንካሬው ነው። በባላንስ መሃል ዚንክም አይጠፋም፤ በ419 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀልጦ ድስቱን በሙሉ ያበላሻል። የመኪና ባትሪ እርሳስ ግን መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ጨርሶ አይንኩት።

መጨማደዱ የብርድ ምልክት ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ለማፍሰስ ግን ከ400 እስከ 430 ይፈልጋል፤ ፎርማውም መጋል አለበት። የመጀመሪያዎቹን 10 አረሮች ሳያዩ ወደ ድስቱ ይመልሱ። ከዚያም ከተጨማደደ ፎርማው ውስጥ ዘይት ቀርቷልና በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ይጠቡት፤ ሳይደርቅ ግን እሳት ዳር አያምጡት። አረሩ አመዳም ከሆነ ሙቀቱ በዝቷል፤ ጉዳት የለውም።

የክብደቱ ልዩነት ከውስጥ ባዶ ቦታ መኖሩን ያሳያል። እርሳስ ሲረጋ ይሸመቀቃል፤ የጎደለውን የሚስበው በማፍሰሻው ቀዳዳ ላይ ከተቋጠረው ትርፍ ነው። ትርፉ ካነሰ አረሩ ከአንገቱ ሥር ይቦረቦራል። ስለዚህ ፎርማው ሞላ ብለው ጭልፋውን አያንሱ፤ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል እስኪቋጠር ያፍስሱ። የትርፉ ብልጭታ ሲጠፋ እስከ 4 ቆጥረው፣ ትርፉን የሚቆርጠውን የፎርማውን መቁረጫ በእንጨት ይምቱት። እርሳሱ ከተለቀለቀ ቸኩለዋል። ሲመዝኑ ከከባዶቹ በ0.1 ግራም የሚያንሰውን መልሰው ያቅልጡት፤ ባዶ ቦታ ያቀልላል እንጂ አያከብድም።

ይህን ሁሉ ደጅ ይሥሩት፤ ድስቱም ወጥ ቤት አይመለስ። እርጥብ ነገር የቀለጠ እርሳስ ውስጥ ከገባ በእንፋሎት ይፈነዳል፤ መነጽርና የቆዳ ጓንት ግዴታ ነው።

በንጹሕ እርሳስና 0.015 ኢንች ውፍረት ባለው የጥጥ ጨርቅ ሲያጎርሱ ጨርቁ በክብ ከተቆረጠ፣ ያኔ ጥፋቱ የአፈሙዙ ጠርዝ ነው። ጠመንጃው አለመጉረሱን አረጋግጠው፣ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በአውራ ጣትዎ ይጫኑበት፤ ጠመንጃውን ትንሽ ትንሽ እያዞሩ፣ ስለቱ ለጣት እስኪለሰልስ ይሹት። የጨርቁ መሃል የተቃጠለ ከሆነ ግን ቅባቱ አንሷል ወይም ጨርቁ ስስ ነው። ሲያጎርሱ በአረሩ ላይ ትርፉ የተቆረጠበት ምልክት ሁልጊዜ ወደ ላይ፣ መሃል ለመሃል ይሁን።