የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከፈረቃ በኋላ ያለው ሰዓትና የድራማ ክበቡ

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቻችን በፈረቃ ስለሚማሩ የቀኑ እኩሌታ ባዶ ይሆንባቸዋል፤ አንዳንዶቹም ያንን ጊዜ በመቃሚያ ቤት፣ በፑል ቤትና በስፖርት ውርርድ ቤት እንደሚያሳልፉት እናውቃለን። ርእሰ መምህራችን በሥነ ምግባር ጉድለት ስማቸው የተመዘገበ 20 ተማሪዎችን ዝርዝር ሰጥተውኝ፣ እነርሱን ከትምህርት ሰዓት ውጪ ሰብስቤ በቴአትር እንዳስተካክላቸው ጠይቀውኛል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን በእርግጥ ይጠቅማቸው እንደሆነና ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ምን ይመክሩኛል?
(መምህር፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ሥራውን ይቀበሉ፤ የስም ዝርዝሩን ግን ለርእሰ መምህሩ ይመልሱላቸው። ይህን ስል ልጆቹን ይተዋቸው ማለቴ አይደለም። አጥፊ የተባሉ 20 ልጆችን ለብቻቸው በአንድ ክፍል መሰብሰብ በራሱ ጉዳት ሊያመጣ ስለሚችል ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በካምብሪጅና በሶመርቪል ከተሞች፣ እ.ኤ.አ. በ1939 የተጀመረ አንድ ጥናት 506 ወንዶች ልጆችን በሁለት ከፍሎ ለእኩሌቶቹ ምክር፣ የትምህርት እገዛና የክረምት ካምፕ ለዓመታት ሲሰጥ ቆየ። ከሠላሳ ዓመታት በኋላ ተመራማሪዋ ጆአን ማኮርድ እነዚያን ልጆች ጎልማሶች ሆነው ሳለ አፈላልገው ሲያጠኗቸው፣ ድጋፍ ያገኙት ካላገኙት የባሰ ዕጣ እንደገጠማቸው ደረሱበት፤ ኋላ በተደረገው ትንተናም ጉዳቱ ጎልቶ የታየው በተደጋጋሚ ወደ ካምፕ በተላኩት ላይ ነበር። ለዚህ ከተሰጡት ማብራሪያዎች አሳማኝ ሆኖ ያገኘሁት፣ ልጆቹ ስለ ጥፋታቸው እርስ በርስ ሲያወሩ የሚያገኙት ሳቅና አድናቆት ከአማካሪው ቃል የበለጠ ይስባቸው ነበር የሚለው ነው።

ስለዚህ በጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ለሁሉም ተማሪ የሚሆን ጥሪ ያስተላልፉ፤ ክበቡም የድራማ ክበብ ይባል እንጂ ሌላ ቅጽል አይሰጠው። ከዚያ በዝርዝሩ ላይ ካሉት መካከል አራት ወይም አምስት የሚሆኑትን እያንዳንዳቸውን ለብቻቸው ጠርተው፣ ለምን እንደፈለጓቸው ነግረው ይጋብዟቸው። ምክንያቱ እውነተኛ መሆን አለበት። ድምፁ ጉልህ ለሆነ ልጅ ድምፁን፣ አናጺ ቤት ለሚሠራ ልጅ እጁን እንደሚፈልጉት ይንገሩት፤ በሐሰት መወደሱን የዚህ ዕድሜ ልጅ ወዲያው ያውቀዋል።

ቴአትር እንዲህ ያለውን ልጅ የሚረዳው በሚያስተላልፈው መልእክት ነው ብዬ አላምንም። ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ የአንዱ መቅረት የሚታወቀው በስም መጥሪያው ላይ ብቻ ነው፤ በልምምድ ላይ ግን ወንድምየውን የሚጫወተው ልጅ ሲቀር እኅትየዋን የምትጫወተው ልጅ የሚመልስላት አጥታ መሐል ላይ ትቆማለች፣ ሌሎቹም ሥራቸውን አቋርጠው ይጠብቃሉ። በማግስቱ «የት ጠፍተህ ነው? አንተን ስንጠብቅ መሸ» የሚለውን ወቀሳ የሚሰማው ከእኩዮቹ ነው። ሁልጊዜ እንዲወጣ ሲነገረው የኖረ ልጅ፣ አለመኖሩ ሥራ እንደሚያስቆም ሲያውቅ በፊቱ ላይ የሚታየውን ለውጥ በሃያ ዓመታት ውስጥ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ዛሬም ባየሁት ቁጥር ልቤ ይነካል።

በየትምህርት ቤቱ በሚኒ ሚዲያና በፀረ ኤድስ ክበባት የለመድነው አጭር ድራማ ግን ይህን አይሠራም። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ አንድ ጎበዝ ተማሪ በመጥፎ ጓደኞች ተመርቶ ጫትና መጠጥ ይጀምራል፣ ይወድቃል፣ በመጨረሻም ታሞ ወይም አብዶ ምክር እየሰጠ ይሰናበተናል። በዚህ ድራማ ላይ ከሁሉ በላይ የሚጨበጨብለት ሰካራሙን የሚጫወተው ልጅ ነው፤ ተመልካቹም ከሳቁ በቀር ይዞት የሚሄደው ነገር ጥቂት ነው። መቃሚያ ቤት የሚውለው ልጅ ጫት እንደሚጎዳው አልተነገረውም ብለን እናስባለንን? ያልተነገረው፣ ደግሞም ማንም አብሮት ያልተለማመደው፣ ጓደኞቹ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁት ምን ብሎ እንደሚያልፋቸው ነው።

ለዚህ የሚሆን ስልት አለ። ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያዳበረው የፎረም ቴአትር የተባለው አሠራር፣ አንድን ችግር በመፍትሔ ሳይሆን በሽንፈት ጨርሶ ያሳያል፤ ከዚያም ትዕይንቱ ከመጀመሪያው ሲደገም ከተመልካቹ መካከል የፈለገ ሰው «ቁም!» ብሎ ያስቆምና የተበደለውን ገጸ ባሕርይ ተክቶ ሌላ መንገድ ይሞክራል። ለምሳሌ አንድ የ16 ዓመት ልጅ እናቱ ለቤት ኪራይ አድርስ ብላ የሰጠችውን ብር በውርርድ ቤት ሲያጣ፣ ከዚያም አምሽቶ በራፉ ላይ ሲቆም እናሳይ። የመጀመሪያው ተመልካች ተነሥቶ «እውነቱን ለእናቴ እነግራታለሁ» ይላል፤ እናትየዋን የምትጫወተው ልጅ ግን በሠፈሯ እንዳየችው እናት ሁና ትጮኻለች፣ ታለቅሳለች፣ ጎረቤትም ይሰማል። ሁለተኛው ከውርርድ ቤቱ በፊት ይጀምርና ብሩን ከታናሽ እኅቱ ጋር ሆኖ ለማድረስ ይሞክራል። ሦስተኛው ከጓደኞቹ አንዱን ለብቻው ያናግረዋል። እርስዎ በመሐል ቆመው «ይህ በእኛ ሠፈር ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ እንጂ ትክክለኛው መልስ የትኛው እንደሆነ አይፍረዱ። በዚህ አሠራር በዳዩን ተክቶ በአንድ ጊዜ ደግ ሰው ማድረግ አይፈቀድም፤ ልጆቹ ነገ ሊለውጡ የሚችሉት የራሳቸውን አካሄድ ነውና።

አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅዎ። ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ አንዲት ተማሪዬ የእንጀራ አባቷ ሰክሮ ሲገባ በቤታቸው የሚሆነውን ነግራኝ፣ ያንኑ ታሪክ እርሷው ራሷ እንድትጫወተው አደረግሁ። እጅግ አሳምራ ተጫወተች፤ አዳራሹም አለቀሰ። ሆኖም ከተመልካቾቹ መካከል ጎረቤቶቿ ነበሩበት፣ ወሬውም ቤቷ ከእርሷ ቀድሞ ደረሰ፣ ልጅቷ ለሳምንታት ከትምህርት ቀረች። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ልጅ የራሱን ምስጢር በራሱ ስም እንዲጫወት አልፈቅድም፤ ታሪኩን እንቀይራለን፣ ከሌሎች ታሪኮች ጋር እናቀላቅለዋለን፣ ለሌላ ተዋናይ እንሰጠዋለን። አንድ ልጅ ጥቃት እየደረሰበት መሆኑን ከነገረዎት ደግሞ ጉዳዩ ከቴአትር ያለፈ ነው፦ ብዙ አይመርምሩት፣ ለማንም አልናገርም ብለውም ቃል አይግቡለት፤ ወደ ትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፖሊስ አብረውት ይሂዱ።

አጀማመሩን በአጭሩ ለመናገር፣ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ያለ ጽሑፍ፣ በክብ ቆሞ በመጫወት፣ እንደ መስታወት አንዱ የሌላውን እንቅስቃሴ በመከተል፣ ስሜትን ያለ ቃል በአካል አቋም በማሳየት ይለፉ። ልምምዱ ከ11 ሰዓት አይለፍ፤ ሴቶቹ ልጆች ሳይመሽ ቤታቸው መግባት አለባቸው። አንዲት ሴት መምህር አብራዎት ትገኝ፣ የክፍሉም በር ክፍት ይሁን። ሻይና ዳቦ ከየትም ብለው ይፈልጉ፤ ምሳ ሳይበላ የመጣ ልጅ ቃለ ተውኔት ማጥናት አይችልም። እግረ መንገዴንም ላንሳው፦ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች የአልኮል መጠጥና የትምባሆ ምርት መሸጥን ይከለክላል። በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሲጋራ በነጠላ ለልጆች የሚሸጥ ከሆነ፣ ያንን ማስቆም የአስተዳደሩና የወላጆች ኮሚቴ ሥራ ነው፤ የእርስዎ የክበብ ልጆች በድራማ ሊሸከሙት አይገባም።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመቱ ልጄ ከትምህርቱ እየራቀ፣ አመሻሹን በአሞራ ገደል አካባቢ ከማላውቃቸው ልጆች ጋር ማሳለፍ ጀምሮ ነበር። አሁን በትምህርት ቤቱ ቴአትር ገብቶ ቤት በጊዜ መግባት ጀምሯል። አባቱ ግን «አዝማሪ ልታደርጊው ነው» እያለ ሊከለክለው ነው። ምን ላድርግ?
(እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ውድ እናት፣ ከተቻለ አይከልከል። የባለቤትዎን ስጋት ግን አልንቀውም፤ ልጁ ትምህርቱን ጥሎ በመድረክ እንዳይጠፋበት ፈርቶ ይሆናል። በአገራችን ቴአትር ከጅምሩ ከትምህርት ቤት ጋር የተቆራኘ መሆኑን ይንገሩት፤ ዮፍታሔ ንጉሤ መምህር ሳለ ተውኔቶቹን ያሠራ የነበረው በተማሪዎች ነው። በቅርቡ ዘመንም እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የዳንስ ባለሙያ በአዲስ አበባ ከጎዳናና ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ልጆችን አሠልጥኖ ለመድረክ አብቅቷል፤ ከእነርሱም የተመረጡት አዱኛ በሚባለው ቡድን ለዓመታት ሠልጥነው ሌሎችን እስከ ማስተማር ደርሰዋል። ይህ ማለት ልጅዎ ተዋናይ ይሆናል ማለት አይደለም፣ እንዲሆንም አይጠበቅም። ባለቤትዎ አንድ የልምምድ ቀን ሄዶ በኋለኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይመልከት። ከመምህሩም ጋር ልጁ ክፍል ከቀረ በዚያ ሳምንት እንደማይለማመድ ይስማሙ፤ ይህ ስምምነት ብዙ ጊዜ ከአባት ቁጣ ይልቅ ልጁን ክፍል ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ጥያቄ፦ ከገጠር መጥቼ በሐዋሳ ቤት ተከራይቼ የምማር የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ወላጆቼ በየሳምንቱ ስንቅ ይልኩልኛል እንጂ አጠገቤ ሰው የለም። የድራማ ክበብ መግባት እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን አፌን የፈታሁት በሲዳምኛ ስለሆነ አማርኛዬን ይስቁበታል ብዬ እፈራለሁ።
(ተማሪ)

መልስ፦ ልጄ፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል፤ በልምምድ መሐል አንድ ሰው ከሳቀብሽ ያንን ማስቆም የመምህሩ ግዴታ ነው፣ ካላስቆመም ንገሪው። ሐዋሳ በአንድ ባጃጅ ውስጥ ሦስት ቋንቋ የሚሰማባት ከተማ ናት። በመድረክ ላይ ያለች አያት ከልጅ ልጇ ጋር በሲዳምኛ ብታወራ፣ ልጁም ለጓደኛው በአማርኛ ቢመልስ፣ ተመልካቹ ቤቱን ያየ ይመስለዋል እንጂ አይገረምም፤ ያንን አያት ከአንቺ በተሻለ የሚጫወታት ሰው በክፍልሽ ላይኖር ይችላል። መጀመሪያውኑ መድረክ ላይ መውጣት ከከበደሽ ደግሞ ጽሑፉን ይዞ ከጎን ተቀምጦ፣ ተዋናይ ቃሉን ሲረሳ ቀስ ብሎ የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋልና ያንን ሥራ ስጡኝ በያቸው። በሁለተኛው ወር ሁሉንም ቃለ ተውኔት በቃልሽ ታውቂዋለሽ፤ አንድ ቀን አንዱ ተዋናይ ሲቀርም ቦታውን ለመሸፈን መምህሩ ቀድሞ የሚያየው ወደ አንቺ ነው። ሐሙስ ወይም ዓርብ፣ ስንቅ ወደሚመጣበት ቀን ስትደርሺ፣ የልምምዱን ሰዓት ለወላጆችሽ በስልክ ንገሪያቸው፤ የት እንዳለሽ እንዲያውቁ።