መዝገብ ልትቆጥሩ ለተነሳችሁ ልጆች

ሰሞኑን ሁለት የሕግ ተማሪዎች "ጋሼ፣ ፍርድ ቤት እንዴት እንደሚወስን በዳታ መስራት አስበናል፣ ከየት እንጀምር?" አሉኝና ደስ አለኝ፣ በኛ ጊዜ ሪሰርች ማለት አንቀፅ ከአንቀፅ ማጋጨት ነበር እንጂ ማን መዝገብ ቤት ገብቶ አቧራ ይቅማል።

የእስራኤሉን ጥናት ሰምታችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ነው፣ 8 ዳኞች የወሰኑትን 1,112 የአመክሮ ጉዳይ ቆጥረው፣ ዳኞቹ በልተው ሲመለሱ ለእስረኛው የመፍቀዳቸው ነገር 65 ከመቶ አካባቢ ይሆንና ቀጣዩ እረፍት ሲቃረብ ዜሮ አጠገብ ይደርሳል አሉ። በቃ፣ ዳኛ ሲርበው ይጨክናል ተባለ፣ እኔም ለስንቱ አወራሁት። እዛው ዓመት ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ተራው እንዴት እንደሚያዝ ሄደው ጠየቁ። ለካ ከእረፍት በፊት የአንድ እስር ቤት ሰዎችን ለመጨረስ ይሞከራል፣ ጠበቃ የሌለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀርበው፣ እሱ ደግሞ ረሃብ ኖረም አልኖረም የሚቀናው ከስንት አንዴ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠበቃውንም አስገብተን አይተነዋል ውጤቱ ያው ነው ብለው መለሱ፣ ክርክሩ እስካሁን አለ።

እኔን ጉድ የሰራችኝ ግን "ተዘግቷል" የምትል አንዲት ቃል ናት። አንድ ፍርድ ቤት የፍትሐ ብሔር መዝገብ ስቆጥር "መዝገቡ ተዘግቷል" የሚለውን ሁሉ ከሳሽ ተሸነፈ ብዬ ኤክሴል ላይ ሞላሁት። አንዱ ዳኛ አረመኔ ሆኖ ወጣ፣ ቴብሉን ሁሉ አሳምሬ ጨርሻለሁ! የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ የሻይ ብርጭቆዋን እንደያዘች አንዱን ገለጥ አድርጋ "እንዴ፣ እነዚህማ ታርቀው እኮ ነው" አለችኝ። ሌላው ላይ ከሳሽ ራሱ ክሱን አንስቷል፣ ሌላው ላይ ሁለቱም ወገኖች ሳይቀርቡ ቀርተዋል። ያ አረመኔ ያልኩት ሰውዬ ለካ ባለጉዳይ ሲያስታርቅ የሚውል ዳኛ ነው። ከሀ ጀመርኩ፣ የመጨረሻውን ትእዛዝ ሙሉውን እያነበብኩ።

ደሞ ሼልፍ ላይ ያለውን ብቻ ቆጥራችሁ እንዳትመጡ። ይግባኝ ሰሚው "የስር መዝገብ ይቅረብ" ሲል መዝገቡ ተነስቶ ይሄዳል፣ ስለዚህ የጎደሉት ብዙ ጊዜ የተከራከሩባቸው ከባዶቹ ናቸው። መጀመሪያ የወጪ መዝገቡን፣ ማለትም ከመዝገብ ቤት የወጣው ፋይል የሚጻፍበትን ደብተር፣ አስፈቅዳችሁ እዩ፣ ላጣችሁትም ቁጥር ባዶም ቢሆን አንድ ረድፍ ያዙለት።