ፎቶ ኮፒ ቤት ልትከፍት ላሰብከው ተማሪ

«ከጓደኛዬ ጋር 60 ሺህ ብር አጠራቅመናል፣ አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ልንከፍት ነው፣ ከሒሳብ ምን ማወቅ አለብን?» ብለሃል ወንድሜ። እኔም ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ፣ እዚያው አራት ኪሎ፣ ከጓደኛዬ ጋር ነው የከፈትኩት። በሁለት ዓመቱ ዘጋነው። እኔ የከፈልኩትን አንተ እንዳትከፍል ብዬ ነው የምጽፍልህ።

1. የመሳቢያው ብር ትርፍ አይደለም። እኛ ማታ 800 ብር ከቆጠርን 800 አተረፍን ብለን ነበር የምንገባው። ምሳ ከዚያው፣ ታክሲ ከዚያው፣ የሞባይል ካርድ ከዚያው። ማን ስንት እንደወሰደ አይጻፍም። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስጠረዣ ሰሞን ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ይደርስ ስለነበር ሀብታም የሆንን መስሎን ነበር። ሐምሌ ገባ፣ ተማሪው ወደየአገሩ ሄደ፣ ኪራዩ ግን አልሄደም። በዚያው ወር የማሽኑ ድራም፣ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው ክፍል፣ አለቀ። ከመርካቶ የመጣው ጠጋኝ ዋጋውን ሲነግረን መሳቢያው ውስጥ 340 ብር ነበር።

ያን ቀን በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ሒሳቡን ሠራሁት። አንድ ገጽ በ1 ብር ከ50 እንሸጣለን። ወረቀቱ 60 ሳንቲም፣ ቀለሙ 25 ሳንቲም ይወስዳል። 65 ሳንቲም ይቀራል። ኪራይ በወር 4,500 ነው። ማሽኑን ያገለገለ በ38 ሺህ ገዝተነዋል፤ ሁለት ዓመት ቢሠራ በወር 1,583 ብር እየበላ ነው ማለት ነው። የእርጅና ቅናሽ የሚባለው ይኸው ነው። ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም በትክክል መልሼዋለሁ፤ ከራሴ ማሽን ጋር ግን አላገናኘሁትም ነበር። ሁለቱን ደምረህ ለ65 ሳንቲም ስታካፍለው፣ በወር 26 ቀን ብትሠራ፣ በቀን 360 ገጽ ካልሸጥክ ከኪስህ ነው የምትሠራው። ያ 800 ብር 533 ገጽ ገደማ ነው፤ የሚያተርፈው ከ360ው በላይ ያለው ብቻ ስለሆነ የሁለታችን ትርፍ 112 ብር ገደማ ነበር። መብራቱን አልቆጠርኩም። ክረምት ላይ በቀን 100 ገጽ ከሠራን ትልቅ ነገር ነበር።

አንተም ቤቱን ከመከራየትህ በፊት ይህንኑ በራስህ ዋጋ ሥራው።

2. ንግድ ፈቃድ። ይህን ሳስታውስ አሁንም ያናድደኛል። ስንዘጋ ቁልፉን ለአከራዩ ሰጥተን ወጣን። ፈቃዱን አልመለስንም። ሥራ ከሌለ ግብር የለም ብለን ነበር። በእኔ ጊዜ፣ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነ ነጋዴ ደረጃ ሐ፣ ማለትም ዝቅተኛው የግብር ከፋይ ደረጃ፣ ነበር፤ ግብሩም ከሐምሌ 1 እስከ 30 ይከፈላል። ፈቃድህን ካልመለስክ እየሠራህ እንደሆነ ይቆጠራል። ከዓመት ተኩል በኋላ ሌላ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ በስሜ ዕዳ ተቆልሏል። ከነቅጣቱና ከነወለዱ 23 ሺህ ብር። ሱቁ መዘጋቱን ላስረዳ አምስት ቀን ተመላለስኩ። መጀመሪያ «ሲስተም የለም»፣ ቀጥሎ «ፋይልህ አልተገኘም»፣ ከዚያ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። አንዷ ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «መጀመሪያ ክፈል፣ ከዚያ ቅሬታ አቅርብ» አለችኝ። ፈቃድ ስታወጣ እንዴት እንደሚመለስ የሚነግርህ የለም። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፣ ስለዚህ ዛሬ ደረጃህ የቱ እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ። ብትዘጋ ግን በዚያው ሳምንት ፈቃዱን መልስና ክሊራንስህን፣ የግብር ዕዳ እንደሌለብህ የሚያረጋግጠውን ወረቀት፣ ያዝ።

3. ዕቁብ። ከዚያ ሁሉ የተረፈችኝ እሷ ናት። በቀን 50 ብር እጥል ነበር፣ ጠዋት፣ መሳቢያው ሳይነካ። ባንክም አስቀምጥ፤ በ2010 የቁጠባ ወለድ ቢያንስ 7 በመቶ እንዲሆን ተወስኖ ነበር፣ የዛሬውን ባንክህን ጠይቅ። ነገር ግን የዕቁብ ሰብሳቢው በር ላይ ሲቆም ዛሬ ይለፈኝ አትልም። የአሁኑን ማሽኔን በዕቁብ ነው የገዛሁት። ዛሬ ፒያሳ አጠገብ ሁለት ማሽን አለኝ፣ አንድ ልጅ ቀጥሬአለሁ፣ ብድር የለብኝም።

ለራሴ ደሞዝ ቆርጬአለሁ፤ እንደ ልጁ ወር ሲሞላ ፈርሜ እወስዳለሁ። የሱቁ ስልክና የኔ ስልክ፣ የሱቁ ቴሌብርና የኔ ቴሌብር ለየብቻ ናቸው። መሳቢያው ውስጥ 32 ገጽ ደብተር አለ። በግራ የገባ፣ በቀኝ የወጣ። ትናንት ለሻይ 30 ብር አንስቼ ነበር፣ በቀኝ በኩል ተጽፏል።