የመኪና መስኮት ወንፊት፦ ጠይቁ፣ ግን መኪናችሁን ንገሩኝ

ክረምቱ ወጥቶ ትንኙ ሲነሳ ጥያቄውም አብሮ ይነሳል። ስለ መኪና መስኮት ወንፊት ማለቴ ነው። ሲፈለግ የሚገባ፣ ሲፈለግ የሚወጣ፣ መስታወት ዝቅ ተደርጎ ነፋስ ሲገባ ትንኙን ውጭ የሚያስቀረው። ባሕር ዳር ውስጥ የመኪና ታፒሴሪ ቤት አለኝ። የወንበር ልብስም ወንፊትም እሰፋለሁ። ዛሬ ማታ ዘግቼ ቁጭ ብያለሁና ጠይቁ።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። የመኪናችሁን ዓይነት ሳትጽፉ «ለኔ የቱ ይሆነኛል» አትበሉኝ። ሌላው፣ መኪና ሲነዳ የፊት ሁለቱ በሮች ላይ ወንፊት አይኖርም። ስፖኪዮ ይጋርዳል። ይህን ደጋግሜ ስለምለው አትሰልቹ።

ባለ ቪትዝ (ሽምብጥ)፦ ጋሼ እንደምን አመሹ? ቪትዝ ነው ያለኝ። ሁለት ዓይነት አይቻለሁ። አንዱ እንደ ካልሲ በሩን ከላይ የሚያለብሰው፣ ሌላው በማግኔት የሚለጠፈው። የቱ ይሻለኛል?

መላሽ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ ጎበዝ ነህ፣ መኪናህን ጽፈሃል። ለቪትዝ የኋላ በሮች ካልሲውን እመርጥልሃለሁ። በሩ ተከፍቶ ከላይ ይለብሳል፣ ሲዘጋ ጎሚኒው (የበሩ ዙሪያ ጎማ) ጨርቁን ይዞ ያስቀረዋል። መስታወቱ በሁለቱ ጨርቆች መሃል ስለሚሄድ እንደፈለግህ ታወጣዋለህ፣ ታወርደዋለህ። ማግኔቱ ብረት ይፈልጋል። አንዳንድ መኪና የመስኮቱ ዙሪያ በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ትንሽ ማግኔት ይዘህ ዙሪያውን ሞክር። አንድ ቦታ እንኳ ካልያዘ ተወው።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ትንኝ በጨርቁ አይደለም የምትገባው፣ በጠርዙ ነው። ሰው ሁሉ «ቀዳዳው ደቃቅ ነው ወይ?» እያለ ይጨነቃል፤ ከዚያ ጥግ ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ ይተኛል። «ለሁሉም መኪና ይሆናል» ተብሎ የሚሸጠው ዝግጁ ወንፊት ችግሩ ይኸው ነው። ለሁሉም እንዲሆን ስለተሰፋ ለማንም ልክ አይሆንም። የኋላ በር ሾጠጥ ያለው ጥግ ላይ ይንዘላዘላል።

ልክ የሚወጣው እንዲህ ነው። በሩን ክፈት። ጋዜጣ በመስኮቱ ፍሬም ላይ ለጥፍና በእርሳስ ዙሪያውን ተከተል። ከታች፣ መስታወቱ ወደ በሩ ከሚገባበት መስመር በታች አንድ ስንዝር ጨምር፤ ጨርቁን ከታች የሚይዘው ላስቲክ የሚገባው እዚያ ነው። ላስቲኩን አታጥብቀው። ሲጠብቅ ጨርቁን ወደ ታች ስቦ ላይኛውን ስፌት ይበጥሰዋል። ከዚያ በሩን አልብሰው፣ ዝጋው፣ ማታ ከውስጥ የእጅ ባትሪ አብርተህ ሌላ ሰው ውጭ ይቁም። ብርሃኑ በጨርቁ ሳይሆን በጠርዝ በኩል ከወጣ፣ ትንኟም በዚያ ትገባለች።

ባለ ኮሮላ፦ ዋጋ?

መላሽ፦ መኪናው ሳይታይ ዋጋ የለም። ኢንቦክስም አልገባም።

እናት (ድባንቄ)፦ እኛ ቤት የተረፈ አጎበር አለ። ከጤና ጣቢያ የተሰጠን ነው። እሱን ቆርጬ ለመኪናው ልስፋው ብዬ ነበር። መድኃኒት አለውና ይበልጥ አይከላከልም?

መላሽ፦ እህቴ፣ አይሆንም። በመጀመሪያ አጎበሩ የተሰጠው ለአልጋ ነው። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ በብዛት የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ ሰው ደግሞ ያን ሰዓት የሚያሳልፈው መኪና ውስጥ ሳይሆን አልጋ ላይ ነው። አልጋ አራቁቶ መኪና ማልበስ ምን ይሉታል? ደግሞም መድኃኒቱ ፀሐይ አይችልም። አጎበር ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይሰጣ የሚባለው ለዚህ ነው። መኪና ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው መድኃኒቱ ይጠፋና ተራ ጨርቅ ይቀራል። ጨርቁም ስስ ነው፣ በር በከፈትሽ በዘጋሽ ቁጥር ይቀደዳል። በደንብ የተያዘ አጎበር ለሦስት ዓመት ያህል እንዲያገለግል ነው የሚሠራው። አልጋው ላይ መልሺው።

አሮጌ አጎበር ደግሞ እባካችሁ ሐይቅ ውስጥ አትጣሉ። ጫጩት ዓሣ ይይዛል።

የዓባይ ማዶ ልጅ፦ ባሕር ዳር ደግሞ ምን ወባ አለ? ከተማው ከፍታ ላይ ነው። ሐይቁ ዳር ማታ መብራት ላይ የሚጎርፈው ትንኝ ሁሉ ወባ ነው እያላችሁ ሰው አታስፈራሩ።

ነርሷ፦ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ወባ የሚያሰጋው ከ2,000 ሜትር በታች ነው ሲባል አልሰማህም? ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ጤና ጣቢያ ብቅ በልና ሰልፉን እይ።

የዓባይ ማዶ ልጅ፦ እሺ፣ ግን መብራት ላይ የሚጎርፉት አይነክሱም። ልጅ ሆነን አፋችን ውስጥ ይገቡ ነበር።

ነርሷ፦ እሱ ልክ ነህ። እነዚያ የሐይቅ ትንኞች ናቸው፣ መንከሻ አፍ የላቸውም። እጮቻቸው ሐይቁ ሥር ጭቃ ውስጥ ያድጋሉ፣ ሲበስሉ በአንድ ጊዜ ይወጣሉ።

ዓሣ አጥማጁ፦ ትንኙ የበዛው በእምቦጩ ነው። እምቦጭ ከመጣ ወዲህ ሐይቁ ዳር መቀመጥ አልተቻለም።

ነርሷ፦ እምቦጭ ለአንዳንድ የትንኝ ዓይነት መጠለያ ይሆናል፣ አልክድም። እዚህ አገር ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው ግን ፀሐይ የሚያገኘው ትንሽ ውኃ ትወዳለች። የከብት ኮቴ የረገጠው፣ ለጡብ ተቆፍሮ የተተወው ጉድጓድ። እምቦጩ ላይ ሁሉንም አታላክክ።

ዓሣ አጥማጁ፦ አንቺ ጀልባ ላይ አድረሽ ታውቂያለሽ?

መላሽ፦ ኧረ ጎበዝ! እኔ ስለ ወንፊት ልመልስ ነው የተቀመጥኩት። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ወደ ጉዳያችን። የሐይቅ ትንኝ ባይነክስም ወንፊቱን ይደፍነዋል። ሐይቁ ዳር ስታቆሙ የመኪናውን የውስጥ መብራት አጥፉ። ጠዋት ደረቁን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። ውኃ ከነካው ይለጠፋል።

ሹፌር (መተማ መስመር)፦ ጋሼ፣ አይሱዙ ነው የምነዳው። ሰሊጥ ለመጫን ስወርድ ጋቢና ውስጥ አድራለሁ። መስኮት ዘግቼ አልችለውም፣ ሙቀቱ ይገድላል። ወንፊት አለኝ፣ ግን ጠዋት ተነክሼ እነሳለሁ።

መላሽ፦ ይህ ነው ጥያቄ። ወንድሜ፣ የነከሰህ ትንኝ ላይሆን ይችላል። መተማ በኩል የአሸዋ ዝንብ አለ፣ ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው። ቁመቷ ብዙውን ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ በተራ ወንፊት ቀዳዳ ሾልካ ትገባለች። ተራ የመስኮት ወንፊት ቀዳዳው ከ1.2 ሚሊ ሜትር አይርቅም፣ ለወባ ትንኝ ይበቃል። ላንተ የሚያስፈልግህ ከዚያ በግማሽ ያህል የጠበበ ነው። ችግሩ ቀዳዳው ሲጠብ ነፋሱም አብሮ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በሁለቱም በር ይኑርህ፣ አየር እንዲያልፍ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፋን ብታገኝ ደግሞ ጥሩ ነው። የአሸዋ ዝንብ ክንፏ ደካማ ነው፣ ነፋስ ሲኖር መብረር ያቅታታል።

ማቆሚያ ቦታም ምረጥ። የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር፣ የግራር ጥላ፣ ዝንቧ የምትውለው እዚያ ነው። ቀን ጥላው ደስ ይላል፣ ማታ ግን ከዚያ ራቅ። እና ትኩሳቱ ሳምንታት ከቆየብህ፣ ከከሳህ፣ ሆድህ በግራ በኩል ካበጠ፣ «ወባ ነው» ብለህ ኪኒን እየዋጥክ አትክረም። ሐኪም ቤት ሂድና መተማ እንደምታድር ንገራቸው። ካላዛር ይድናል፣ ካልታከመ ግን ይገድላል። ደጋ ነን የሚሉትም አይዘናጉ፤ በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ወረርሽኙ ሲነሳ ብዙ ሰው ወባ ነው ብሎ ነበር።

ነርሷ፦ ትክክል። ፎገራም ደርሶ ነበር።

መላሽ፦ ሌላም አለ። «ሞተሩን አስነስቼ ኤሲ ከፍቼ እተኛለሁ» የምትሉ ሹፌሮች፣ ጭሱ ወደ ጋቢና ከገባ ሽታ የሌለው ጋዝ አለበት፣ ሳያነቃችሁ ይወስዳችኋል። ሞተር ይጥፋ፣ ወንፊት ይኑር።

ባለ ኤሌክትሪክ፦ የኔ ኤሌክትሪክ ነው፣ ጭስ የለውም። ኤሲ ከፍቼ እተኛለሁ። ወንፊት ለምኔ?

መላሽ፦ ባትሪህ ነው፣ ተኛ።

የጎንደር ልጅ፦ ባሕር ዳሮች ትንኝ ነው የምታመርቱት፣ እኛ ጋ ና ወንፊት አያስፈልግህም።

ባለ ቪትዝ (ሽምብጥ)፦ እናንተ ዘንድ ነፋሱ ሌሊት ያንቀጠቅጣል። ሐይቅ የሌለው አይናገር።

የጎንደር ልጅ፦ ጣና ዳር ያለችው ጎርጎራ የማናት?

መላሽ፦ ኳስ ሜዳ ጨርሱት።

ወጣት እናት (ዲያስፖራ ሰፈር)፦ ወንፊቱ ሙቀት ይቀንሳል? ገበያ ስገባ ልጄ የኋላ ወንበር ላይ ይተኛል። መስኮቱን በወንፊት ከፍቼ ብተወው...

መላሽ፦ አይደረግም። ለደቂቃም ቢሆን። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከውጭው ወደ 20 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል፣ መስኮት ትንሽ መከፈቱ ብዙም አይለውጠውም። የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከኛ በፈጠነ ይግላል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳር ፀሐይ እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ልጁ አብሮሽ ይውረድ። ወንፊት ትንኝ ይከለክላል፣ ሙቀት አይከለክልም፣ ሌባም አይከለክልም።

ስትነጂ ፀሐይ ልጁ ፊት ላይ እንዳታርፍ ከሆነ ግን አዎ፣ ካልሲው ይጠቅማል። ጨርቁ ከመስታወቱ ውጭም ስላለ ፀሐዩን ሳይገባ ነው የሚያጠላው። ከውስጥ በጎማ ተመጥጦ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ጥላ ከዚያ ያንሳል፤ ሙቀቱ አንዴ ገብቷል። ደግሞ መስታወት ስታወርጂ አብሮ ይወርዳል ወይ ይወድቃል።

ባለ ባጃጅ፦ ለባጃጅስ?

መላሽ፦ ባጃጅ መስኮት የለውም።

ባለ ዶልፊን፦ ጋሼ፣ ዶልፊን ሚኒባስ ነው፣ ዘጌና ጢስ ዓባይ እንግዳ እወስዳለሁ። የጎኑ መስታወት የሚንሸራተት ነው።

መላሽ፦ ካልሲ አይገባበትም። ከውስጥ በቬልክሮ እንሠራለን። ሻካራውን ወገን ፕላስቲኩ ላይ፣ ለስላሳውን ጨርቁ ላይ። መጀመሪያ ቦታውን በአልኮል ጥረገው። ቅባት ካለ በሳምንት ይላቀቃል። የሚከፈተውን ግማሽ ብቻ አልብስ፣ ቋሚው መስታወት ምን ያደርግለታል? ሁለት ማስጠንቀቂያ። በብሎን፣ በእንጨት ፍሬም አትሥራ፤ አደጋ ሲደርስ ሰው በመስኮት መውጣት አለበት፣ ቬልክሮ ተጎትቶ ይለቃል። ሌላው፣ ከመስኮቱ በላይ ጣሪያው ጥግ ኤርባግ ያለው መኪና አለ። እዚያ ምንም ጠንካራ ነገር አትስቀል። እና ፊት በር ላይ ሲነዳ አይኖርም።

ባለ ኮሮላ፦ ጥቁር ወንፊት ትራፊክ ያስቆማል?

መላሽ፦ ትራፊክ ፖሊስ ጠይቅ።

ልብስ ሰፊዋ፦ እኔ ራሴ ስፌት አውቃለሁ። ጨርቁ ምን ይሁን? ገበያ ላይ የቤት መስኮት ወንፊት በሜትር አለ።

መላሽ፦ ሙያተኛ መጣች። የቤቱ አብዛኛው ፋይበር ግላስ ነው። ለተወጠረ ፍሬም ጥሩ ነው፤ ለመኪና ግን ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ክሩ ይሰበራል፣ ስብርባሪውም ቆዳ ያሳክካል። ለካልሲው የሚለጠጥ ፖሊስተር ፈልጊ። ናይለን ለስላሳ ነው፣ ግን ፀሐይ ቶሎ ያደርቀዋል። ቀለሙ ጥቁር ይሁን። ነጩ ብርሃን ስለሚመልስ ከውስጥ ሆኖ ውጭውን ማየት ያስቸግራል።

ስትገዢ ማስመሪያ ያዢ። በ2.5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያሉትን ክሮች ቁጠሪ። በአንድ በኩል 18፣ በሌላው 16 ከሆነ የተለመደው የትንኝ ወንፊት ነው። የዚህ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ክፍት ቦታ ስለሆነ ነፋሱ አይታፈንም። የሚለጠጠውን ግን ጎትተሽ ቁጠሪ! ሻጩ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያሳይሻል፣ ደቃቅ ይመስላል። በር ላይ ሲወጠር ቀዳዳው ይሰፋል። ጠርዙን በሰፊ ጥብጣብ ጥምጪው፣ ስፌቱ ድርብ ይሁን።

አዲስ አባል፦ ሰላም፣ የትኛው ወንፊት ይሻላል?

መላሽ፦ ከላይ አንብብ። መኪናህን ጻፍ።

አዲስ አባል፦ መኪናው ነጭ ነው።

ባለ ቪትዝ (ሽምብጥ)፦ 😂😂

መላሽ፦ ደህና እደር ልጄ።

ልብስ ሰፊዋ፦ ጋሼ፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ። ዝናብ ሲመጣስ? ካልሲውን ለብሶ መስታወት ብዘጋው በቂ ነው?

መላሽ፦ መስታወቱ ይዘጋል፣ ግን በሩ የነከሰው ጨርቅ ውኃ ይስባል፣ በጎሚኒው በኩል ወደ ውስጥ ያንጠባጥባል። የበሩ ልብስ ይበሰብሳል። ከባድ ዝናብ ከመጣ አውጪው። ወደ ጎንደር በአስፋልት ፈጠን ብለሽ ስትሄጂም አውጪው፣ ነፋሱ ያርገበግበዋል። እጥበቱ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና፣ በእጅ። መኪና አጣቢዎቹ በፕሬሸር እንዳይነኩት። ልክ ስታወጪ የግራውንና የቀኙን ለየብቻ ጻፊባቸው፤ ሰፍተሽ ከጨረስሽ በኋላ ነው የሚምታታው።