ከመተማ ተመልሶ ትኩሳቱ አልለቀው ያለው ወንድሜ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ24 ዓመት ታናሽ ወንድም አለኝ። ሐምሌ ላይ ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ ሄዶ፣ አጨዳውንም ጨርሶ ኅዳር ላይ ተመለሰ። ከጥር ጀምሮ ግን ትኩሳት አለው። ወባ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ ኳርተም ወሰደ። ትንሽ ሻል ይለውና መልሶ ያገረሽበታል። በጣም ከስቷል። ምግብ አያሰኘውም። በግራ በኩል ከጎድን አጥንቱ ሥር ጠጠር ያለ እብጠት አለው። ጎረቤቶች “ጣፊያው ነው፣ ይተኮስ” ይላሉ። ለእኛስ ይጋባብን ይሆን? (እህቱ፣ ከደብረ ታቦር)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንዎ። ወንድምዎን በዚህ ሳምንት ሆስፒታል ይውሰዱት። መተኮሱንም እሺ አይበሉ።

ሳላየው ይህ ነው ብዬ መናገር አልችልም። ግን ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ መክሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ በዚያ ላይ መተማ መክረሙ፣ አንድ ላይ ሲሆኑ መጀመሪያ የምጠረጥረው ካላዛርን ነው። ካልታከመ ሰውን የሚገድል በሽታ ነው። በጊዜ ከታከመ ግን አብዛኛው ሰው ይድናል።

የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው። ከወባ ትንኝ በጣም ያንሳል፣ ድምፅም የለውም። ቀን በዋልካ አፈር ንቃቃት፣ በግራር ዛፍ ግንድና በኩይሳ ውስጥ ይደበቃል። ሲመሽ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ሲያርም የዋለ ልጅ ደግሞ ደክሞት እዚያው ግራር ሥር ይተኛል። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚታየው ከተነከሰ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ነው። ስለዚህ ሰውየው ወደ ቤቱ ተመልሶ፣ በረሃውን ከረሳው በኋላ ነው የሚታመመው። የደጋ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ትኩሳት አለኝ ይላል፤ የት ከርመህ መጣህ ብሎ የሚጠይቀው ከሌለ የወባ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል።

በእናንተው በደቡብ ጎንደር ይህ ደርሷል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ብዙ ሰው በትኩሳት ሲያልቅ፣ መጀመሪያ የታሰበው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። በሽታውን ወደ አካባቢው ያመጡት ለሥራ ወደ መተማና ሁመራ ሄደው የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀርም ተብሎ ይታመናል። ይህን የማነሣው እነሱን ለመውቀስ አይደለም። እንጀራ ፍለጋ ነው የሄዱት። ሠራተኛ የሚያሰማራ ባለሀብት ከቀን ወጪው ላይ አጎበር ቢጨምርበት ምን ነበረበት እላለሁ።

ወባውም ይታይ። ሁለቱ በሽታዎች አብረው ሊይዙት ይችላሉ። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚያገረሽ፣ ከኳርተም ሌላ ተጨማሪ መድኃኒት ይፈልጋል። ከመድኃኒት ቤት ለሦስተኛ ጊዜ ኳርተም እንዳትገዙለት።

ለካላዛር ከጣቱ ትንሽ ደም ተወስዶ በደቂቃዎች ውስጥ የሚታይ ምርመራ አለ። እሱ ካልለየው ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ሊወሰድ ይችላል። የተለመደው ሕክምና ለ17 ቀን በየቀኑ የሚሰጥ የሁለት ዓይነት መርፌ ነው። ስለዚህ አብሮት የሚከርም ሰው አዘጋጁ። በመንግሥት ማዕከላት ለመድኃኒቱ አይከፈልም። ለእናንተ አዲስ ዘመን ከተማ ያለው ማዕከል ይቀርባል፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ለዚሁ በሽታ የተቋቋመ ማዕከል አለው። የኤችአይቪ ምርመራም ይጠየቃል። አይደንግጥ፣ እምቢም አይበል። ቫይረሱ ካለበት መድኃኒቱ ስለሚለወጥና በሽታው ቶሎ ስለሚመለስ ነው። ጠበል የሚጠመቅ ከሆነም መርፌውን አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጥ።

መተኮሱን የከለከልኩት ለዚህ ነው፦ ካላዛር ደም ያሳንሳል፣ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ በሽታ የመከላከል አቅምንም ያዳክማል። በዚህ ላይ የእሳት ቁስል ሲጨመር ሌላ ኢንፌክሽን ይገባል።

ለእናንተ በማዕድ፣ በመኝታ ወይም በትንፋሽ አይጋባም። ልብሱንና ዕቃውን መለየት አያስፈልግም። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለው ግን አክታው ለቲቢ ይመርመር፤ እሱ በትንፋሽ ይተላለፋል።

ካርድ ስታወጡ “ትኩሳት አለው” ብላችሁ አታቁሙ። “ከሐምሌ እስከ ኅዳር መተማ ነበረ፣ ኳርተም ሁለት ጊዜ ወስዷል” በሉ። ነስር ከጀመረው፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ተነሥቶ መቆም ካቃተው፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ይዛችሁት ውጡ።