የካርድ ክፍል የሥራ ጫና እንዴት ይለካል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በቀን የወጣውን ካርድ ለሠራተኛው ቁጥር ማካፈል አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ምዝገባው፣ የተመለሰውን መደርደሩ፣ የበሽታ ኮድ መስጠቱ፣ ለኢንሹራንስ መረጃ ማዘጋጀቱ የየራሳቸው ጊዜ አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ዊስን (WISN) የሚባለው፣ ለሥራው ጫና ስንት ሠራተኛ እንደሚያስፈልግ የሚያሳየው ስሌትም የሚነሳው ከሥራው ብዛትና አንዱ ሥራ ከሚፈጀው ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ በቁጥር ቢያሳዩን?

መልስ፦ ለምሳሌ ያህል፦ ከ260 የሥራ ቀን ፈቃድ፣ በዓል፣ ሕመምና ሥልጠና 40 ቢወስዱ 220 ይቀራል፤ በ8 ሰዓት ሲባዛ 1,760 ሰዓት። አንድ ካርድ አውጥቶ መልሶ ለመደርደር 4 ደቂቃ ከፈጀ አንድ ሰው በዓመት 26,400 ካርድ ያስተናግዳል። 79,200 ካርድ ካለ 3 ሰው ማለት ነው። 35,200 አዲስ ታካሚ በ6 ደቂቃ መመዝገብ 2 ሰው ይፈልጋል። ድምር 5።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። ስብሰባና ሪፖርት ከሁሉም ሠራተኛ ጊዜ 20 በመቶ ከወሰዱ፣ 5 ላይ 20 በመቶ ጨምሮ 6 ማለት ልክ አይደለም፤ 5 ለ0.8 ተካፍሎ 6.25 ይሆናል። ኃላፊው ለቁጥጥር በዓመት የሚያውለው 440 ሰዓት ለ1,760 ሲካፈል 0.25፤ ጠቅላላው 6.5። ያሉት 5 ከሆኑ 5 ለ6.5 ሲካፈል 0.77 ይሰጣል። ውጤቱ ከ1 እያነሰ በሄደ መጠን ጫናው ይከብዳል።

ጥያቄ፦ 4 ደቂቃውን ከየት ላምጣው?

መልስ፦ ሰዓት ይዘው ይለኩ፤ የመጠየቂያው ወረቀት ከደረሰበት ካርዱ እስኪወጣ አንድ፣ መልሶ መደርደሩ ሌላ። ነባሩንም አዲሱንም ሠራተኛ፣ ጠዋትም ከሰዓትም ይለኩ። ሰው እየታየ ሲሠራ ስለሚፈጥን የመጀመሪያውን ቀን ልኬታ አይያዙ።

ጥያቄ፦ የጠፋ ካርድ ፍለጋስ?

መልስ፦ ለብቻው ይመዝገብ! ከ4 ደቂቃው ጋር ከተቀላቀለ የአደራደር ጉድለት እንደ መደበኛ ሥራ ይቆጠርና ለፍለጋ ሰው ይቀጠራል። «ጠፋ» የተባለው ካርድ ቁጥር 45-27-13 ብዙ ጊዜ 45-72-13 ቦታ ተሰክቶ ይገኛል። ካልተገኘ ደግሞ ለታካሚው ሁለተኛ ካርድ ይከፈትለታል፤ የሕክምና ታሪኩ ለሁለት ይከፈላል፣ ማዋሃዱም ሌላ ሥራ ነው። ካርድ በወጣበት ቦታ ቁጥሩንና የሄደበትን ክፍል የያዘ ምልክት ማስቀመጥ ፍለጋውን በእጅጉ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ስሌቱ ሰው በቂ ነው ይላል፤ ጠዋት ግን ሰልፉ አይቻልም።

መልስ፦ የዓመት አማካይ የሰዓቱን ግፊያ አያሳይም። ለሁለት ሳምንት በየግማሽ ሰዓቱ የመጣውን ታካሚ ይቁጠሩ። ድርደራውን ወደ ከሰዓት ያዛውሩ፤ የቀጠሮ ካርዶች በዋዜማው ይውጡ። ይህ ተደርጎም ሰልፉ ካልቀነሰ የፈረቃ መግቢያ ሰዓቱን ይቀይሩ።