ሃርሞኒካ አይነፋም፣ ይተነፈስበታል፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። ዛሬ ስለ ሃርሞኒካ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ከመጀመራችን በፊት እንግባባ። የምናወራው ስለ ባለ 10 ቀዳዳው፣ በሲ (C) ስለተቃኘው ሃርሞኒካ ነው፤ ዶ የምንላት ሲ ናት። «4 ውጪ» ስል በአራተኛው ቀዳዳ ትንፋሽ ማስወጣት ነው። «4 ውስጥ» ስል መሳብ ነው። ከዶ ሬ ሚ ሰባተኛዋን ድምፅ «ቲ» እላታለሁ፣ ከሲ ጋር እንዳትምታታብን። ደግሞ በልታችሁ አፋችሁን ሳትጉመጠመጡ ሃርሞኒካ አትንኩ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ ስለምናገረው ከአሁኑ ልመዱት።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ ጥሩ ሃርሞኒካ የትኛው ነው?

ለምን የሚሆን? ለልጅ ስጦታ? ለብሉዝ? ለትዝታ? ጥያቄህን ጨርሰው ወንድሜ።

ከአዳማ፦ ለመጀመር ማለቴ ነው። ሱቅ ያየሁት ሁለት ረድፍ ቀዳዳ አለው።

እሱ ትሬሞሎ ሳይሆን አይቀርም። ለእያንዳንዱ ድምፅ ሁለት ሪድ አለው። ሪድ የምንላት ውስጥ የምትርገበገበዋ ቀጭን የነሐስ ምላስ ናት። ሁለቱ ሪዶች ሆን ተብሎ በጥቂቱ ተለያይተው ስለሚቃኙ ድምፁ ይርገበገባል። ያምራል፣ ግን እዚህ የምንማማረውን በሱ አትሠራም። አንድ ረድፍ፣ 10 ቀዳዳ፣ በሲ የተቃኘ። ይኸው ነው።

ከሐዋሳ፦ የኔ ሃርሞኒካ 2 ቁጥሯ ተበላሽታለች። ስስባት ታፍና ታቃስታለች። አዲስ ነበረች፣ በጣም አዝኛለሁ።

አልተበላሸችም እህቴ፣ አትዘኚ። ጀማሪ ሁሉ ይቺን ቀዳዳ ይከሳታል። 2 ውስጥ ሶል ናት። 3 ውጪም ያችው ሶል ናት። ስለዚህ ማመሳከሪያ በእጅሽ አለ። መጀመሪያ 3 ውጪን ስሚ፣ ከዚያ 2 ውስጥን ሳቢ። ዝቅ ካለች ወይም ከታፈነች አፍሽ ጠብቧል ማለት ነው። እንደሚያዛጋ ሰው አገጭሽን ጣል አድርጊ። ምላስሽን አስተኚ። ትንፋሹን ከሆድሽ ሳቢው፣ በአፍንጫሽ አየር አይሹለክ። በጉልበት አትሳቢ። ሃርሞኒካ ከሰል አይደለም፣ እፍ አይባልም። አይነፋም፣ ይተነፈስበታል።

ከጅማ፦ እኔም 2 ቁጥር አልሰማ ብሎኛል። ተበላሽቶ ይሆን?

ለሐዋሳዋ የመለስኩትን አንብብ።

ከአዲስ አበባ፦ ስለማመድ ውሻዬ ያላዝናል። ጆሮውን እያመመው ነው?

ውሾች ለረዘመ ድምፅ በማላዘን ይመልሳሉ። በሩ ክፍት ይሁንለት። ካልተመቸው ይወጣል፣ ከቆየ አብሮሽ እየዘፈነ ነው።

ከደሴ፦ ጋሼ፣ የእኛን ቅኝት ይጫወታል ወይ? ዘመዶቼ የፈረንጅ መጫወቻ ነው፣ ተወው ይሉኛል።

ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ ስጠብቀው ነበር። ይጫወታል! አራቱም ዋና ዋና ቅኝቶች በዚያችው በአንዲት የሲ ሃርሞኒካ ላይ አሉ።

ከትዝታ እንጀምር። ትዝታ ሁለት ዓይነት ነው፣ ሜጀርና ማይነር። የሜጀሩ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። 4 ውጪ፣ 4 ውስጥ፣ 5 ውጪ፣ 6 ውጪ፣ 6 ውስጥ፣ ከዚያ 7 ውጪ ላይ ዶ ትመለሳለህ። ፋን እና ቲን ብቻ መዝለል ነው። 5 ውስጥና 7 ውስጥ ክልክል ናቸው በል። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃሃል።

ባቲ ዶ ሚ ፋ ሶል ቲ ነው። 4 ውጪ፣ 5 ውጪ፣ 5 ውስጥ፣ 6 ውጪ፣ 7 ውስጥ፣ 7 ውጪ።

አምባሰልን ከሚ ጀምረው። 5 ውጪ፣ 5 ውስጥ፣ 6 ውስጥ፣ 7 ውስጥ፣ 7 ውጪ፣ 8 ውጪ። አሁን ልብ በል። እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ከላ ብትጀምራቸው የማይነሩ ትዝታ ይወጣል። 6 ውስጥ፣ 7 ውስጥ፣ 7 ውጪ፣ 8 ውጪ፣ 9 ውስጥ፣ 10 ውስጥ። ድምፆቹ ያው ናቸው፣ የተቀየረው ቤት አድርገህ የምትመለስበት ድምፅ ብቻ ነው። ይህን ያገኘሁ ቀን ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

አንቺሆዬ ይከብዳል። እኔ ከታችኛዋ ቲ እጀምረዋለሁ። 3 ውስጥ፣ 4 ውጪ፣ 5 ውጪ፣ 5 ውስጥ፣ ከዚያ 6 ውስጥን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ በመጨረሻ 7 ውስጥ። 6ን ዝቅ የምናደርገው ቤንድ በምንለው መንገድ ነው። እየሳብክ ምላስህን ከ«ኢ» ወደ «ኡ» ወደ ኋላ ትጎትታለህ። በጉልበት ከሞከርከው ሪዱ ይደክማል፣ ቀስ በል። መጀመሪያ 4 ውስጥ ላይ ተለማመደው፣ እሷ ገር ናት።

ከባሕር ዳር፦ ይቅርታ ጋሼ፣ አምባሰል በሃርሞኒካ አይሆንም። ማሲንቆ ላይ ጣት የሚንሸራተትበትን ቦታ ሪድ ከየት ያመጣዋል?

ከደሴ፦ አምባሰልም ባቲም የወሎ አገር ስም ናቸው። ባለቤቶቹ እኛ ፈቅደናል።

ከባሕር ዳር፦ የፈቃድ ጉዳይ አይደለም ወንድሜ። የድምፅ ጉዳይ ነው።

ከጎንደር፦ ዋሽንትም እኮ ቀዳዳ ነው ያለው። ዋሽንት አምባሰል አይጫወትም ልትለን ነው?

ከባሕር ዳር፦ ዋሽንት ላይ ጣትህን ግማሽ ትከፍታለህ። በዚያ ላይ ዋሽንት ነፊ አንድ ብቻ ይዞ አይሄድም። እንደ ዘፋኙ ድምፅ የሚለዋውጠው ብዙ ዋሽንት አለው።

ከደሴ፦ ሃርሞኒካም እንደዚያው ነው! ለየቶኑ አንድ አንድ ይያዛል።

ተረጋጉ። የባሕር ዳሩ እውነት አለው፣ ማሲንቆ በሁለት ድምፅ መሀል የሚያገኘውን ሁሉ ሃርሞኒካ አያገኝም። ግን መንሸራተት ጨርሶ የለም ማለት ስህተት ነው። 2 ውስጥና 3 ውስጥ በቤንድ ሲንሸራተቱ ስማቸው። እኔ ማሲንቆን ልተካ አልመጣሁም። ኪስ ውስጥ የምትገባ፣ ትዝታ የምትጫወት ዕቃ አለች ነው የምለው። አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ከአዳማ፦ ብሉዝስ?

የሲዋን ሃርሞኒካ ከ2 ውስጥ ተነስተህ በሶል ተጫወታት። ሌላውን ብሉዝ ተጫዋች ጠይቅ።

ከኖፍ ሃጋሊል (የድሮዋ ናዝሬት ኢሊት፣ እስራኤል)፦ በሳሙና ዘፍዝፌ ልጠባት?

ውስጧ እንጨት ከሆነ በጭራሽ! እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ቀዳዳዎቹን ወደ ታች አድርገህ መዳፍህ ላይ ቀስ ብለህ መታ መታ አድርጋት፣ ምራቁ ይወጣል። ደረቅ ጨርቅ፣ በቃ። በልተህ ካልተጉመጠመጥክ ግን ማጽዳቱም አያድናትም። የቆሎ ፍርፋሪ ሪድ ሥር ሲገባ ድምፁ ቀጥ ይላል።

ከጅማ፦ ጢሜ እየተነጨብኝ ነው።

አሳጥረው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ሃርሞኒካ ጠፈር ላይ ተጫውተውበታል ብላኝ አላመንኳትም። እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ልጅሽን ይቅርታ ጠይቂያት። በፈረንጆች ታኅሣሥ 16 ቀን 1965 ነው። ጀሚኒ 6 በተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ላይ ጠፈርተኞቹ ዋሊ ሺራና ቶም ስታፎርድ ነበሩ። የፈረንጆች ገና ሊደርስ ቀናት ቀርተውታል። ሁለቱ ለምድር መቆጣጠሪያ «ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚበር ነገር እያየን ነው» ብለው አስደነገጡ። ወዲያው ሺራ ሃርሞኒካ፣ ስታፎርድ ትንንሽ ቃጭል አወጡና «ጂንግል ቤልስ»ን ተጫወቱ። ለካ በራሪው የገና አባት ነበር። ዕቃዎቹን ደብቀው ነው ያስገቧቸው። ሃርሞኒካዋ 4 ቀዳዳና 8 ድምፅ ብቻ ነበራት።

እዚህ ላይ ለልጅሽ ትምህርት አለ። አንድ ሙሉ ዶ ሬ ሚ 4 ቀዳዳ ይበቃዋል። በባለ 10ሯም ከ4 እስከ 7 ያሉት ናቸው። 4፣ 5፣ 6 ላይ መጀመሪያ ውጪ ከዚያ ውስጥ ነው። 7 ላይ ግን ይገለበጣል፣ ቲ ውስጥ ናት፣ ዶ ውጪ። ልጆች ሁሉ እዚያ ይሰናከላሉ፣ አትቆጪያት።

ከአዳማ፦ ቤንድ ለመልመድ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

በቀን ስንት ደቂቃ ትለማመዳለህ? እሱን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ከዱባይ፦ ጋሼ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ነን። በፈረቃ ነው የምንተኛው። የት ልለማመድ? ድምፁ ይረብሻቸዋል ብዬ አንድ ወር ሻንጣ ውስጥ ቆየች።

ከሻንጣ አውጫት እህቴ። በሁለት መዳፍሽ እንደ ጫጩት እቀፊያት፣ ጀርባዋ እንዲሸፈን። ድምፁ እዚያው ይቀራል። ከዚያ የተኛ ሰው እንደሚተነፍስ ተንፍሺ። ሪዶቹ ለዚያች ትንፋሽም ይመልሳሉ። እንዲያውም ጎበዝ የሚያደርገው ይህ ነው። በሰፊ ሜዳ የተማረ ሰው ጉልበት ይለምዳል፣ አንቺ ግን ከመጀመሪያው ልስላሴ ትማሪያለሽ። አይነፋም፣ ይተነፈስበታል ያልኩት ለዚህ ነው። የትዝታዋን መንገድ ለደሴው ጽፌዋለሁ፣ በእሷ ጀምሪ።

ከጅማ፦ 2 ቁጥርን አነበብኩ፣ ግን አሁንም ይታፈናል።

አዛጋ ብዬሃለሁ። ሃርሞኒካዋን አፍህ ውስጥ ጠለቅ አድርገህ፣ አዛጋና ሳብ።

ከጅማ፦ ወጣ! ጋሼ፣ ወጣ!

ጎሽ!

ከዱባይ፦ ጋሼ፣ አሁን ሞከርኩ። በቀስታ 6 ውጪ፣ 6 ውስጥ፣ 7 ውጪ ደረስኩ። ከላይኛው አልጋ የተኛችው ልጅ ቀና ብላ «ትዝታ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ነው በያት። አሁን ወደ ታች ውረጂላት። 7 ውጪ፣ 6 ውስጥ፣ 6 ውጪ፣ 5 ውጪ፣ 4 ውስጥ፣ 4 ውጪ። እሷም ልሞክር ካለችሽ መጀመሪያ ትጉመጥመጥ።